ማባዛቱን የያዘችው ልጅ

ያን ክረምት የኮሌጃችን ክፍሎች ከዋና ከተማው ጦርነት ሸሽተው በመጡ ቤተሰቦች ተሞሉ። እኛ የመጀመሪያ ዓመት የመምህርነት ተማሪዎች የምንማርበት ስላጣን ለልምምድ ተብለን ወደየትምህርት ቤቱ ተበተንን። እኔ ገዳሪፍ የተወለድኩ ነኝ። ወላጆቼ በድሮው ረሃብ ከመተማ ቆላ ድንበር ተሻግረው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ውጭ ዓረብኛ እየተናገርኩ ስላደግሁ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ባለው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል መደቡኝ።

ስሄድ ከልብሴ ይልቅ ተጠንቅቄ የያዝኩት አንድ ኮርስ ነበር፤ አእምሮ እንዴት እንደሚማር የሚያስረዳ። ኮሌጁ ሳይዘጋ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ተምረነዋል፤ የቀረውን መምህሯ በድምፅ እየቀዳች በስልክ ትልክልን ነበር። «ያ ቢቲ» ትለኛለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። የልጅ ሐሳብ ለጊዜው የሚይዘው እንደ መዳፍ ጥቂት ነው ትላለች፤ ካበዙበት ይፈሳል። ስለዚህ ጥቂት ስጪው፣ አሳድሪው፣ በማግሥቱ ደብተሩን ዘግቶ ራሱ ያውጣው። ትምህርቱን የሚያጸናው ማውጣቱ ነው። በጅምላ መጮህ ግን ማውጣት አይደለም፣ ሌላውን መከተል ነው።

ቃሏን እንደ ወንጌል ያዝኩት። ተመልሼ ስሄድ «ጎበዝ» እንድትለኝ ከምንም በላይ እፈልግ ነበር።

ክፍላችን ራኩባ ነበር። አራት ቋሚ፣ ከላይ ሣርና የዕርዳታ ሸራ፣ ከታች ሰሌን። ልጆቹ ሁሉንም ነገር በጅምላ ነበር የሚመልሱት፤ እንዲያ ሲመልሱ ደግሞ አንድም አይሳሳቱም። ማባዛት ስጠይቃቸው ሸራው እስኪርገበገብ ይጮሃሉ። መጀመሪያ ቀን ሳዳምጣቸው እንባዬ መጣ። በሁለተኛው ቀን ግን ኮርሱን አስታወስኩና አቆምኳቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ በጅምላ መመለስ የለም» አልኩ።

«ቲቸር፣ ታዲያ ማን ይመልስ?» አለች ከፊት የተቀመጠች ረጅም ልጅ።

«የጠራኋት ብቻ።»

«ካላወቀችስ?»

«ታስባለች።»

«እስከ መቼ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን መልሱ ኮርሱ ውስጥ ስለሌለ ትንሽ ደነገጥኩ።

ይህች ረጅም ልጅ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር አንድ ሰሌን ላይ ትቀመጣለች። በጅምላው ጊዜ የክፍሉን ድምፅ የሚመሩት እነዚህ አራቱ ነበሩ። ስለዚህ አንድ በአንድ መጠየቅ የጀመርኩት በእነሱ ነው። ረጅሟን ከስድስት በኋላ ያለውን ማባዛት ጠየቅኋት። የጎረቤት ቤት ቁልፍ የጠየቅኋት ይመስል አየችኝ፣ ከዚያ ዓይኗ ወደ ሰሌኑ ጫፍ ሄደ። ጫፍ ላይ አንገቷን ደፍታ የምትቀመጥ ቀጭን ልጅ አለች። እሷን ያንኑ ስጠይቃት እንደ ውኃ አወረደችው። ደስ ብሎኝ የተክል ክፍሎችን እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ሥር እንኳ ማለት አልቻለችም። ተክሉን የምታውቀው ሦስተኛዋ ነበረች፣ ቅጠሉን ከነሥራሥሩ ዘረዘረችልኝ፤ የአማርኛውን ግጥም ግን አንድ ስንኝ አልቻለችም። ግጥሙ ረጅሟ ዘንድ ነው። የእንግሊዝኛው ቃላት ደግሞ ከሁሉም የምታንሰው ልጅ ዘንድ።

እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ያለ እንከን ያውቃሉ፤ ሌላውን ጭራሽ አያውቁም።

ግራ ገባኝ። ኮርሱን ከላይ እስከ ታች በሐሳቤ ሄድኩበት። እንቅልፍ ይሆን? ትኩረት? ከሁሉ ፊት የመጣብኝ ረሃቡ ነበር። በዚያ ዓመት ራሽኑ መጀመሪያ ጎደለ፣ ቀጥሎም የሚመጣው ዱራ የሚሉት ማሽላ ብቻ ሆነ፤ ዘይት የሚባል ነገር ቀረ። ልጆቹ ጠዋት ሲመጡ ከንፈራቸው ነጭ ነው፣ ሲነሱም ቋሚውን ይይዛሉ። የተራበ አእምሮ እንደሚረሳ ተምሬያለሁ። ግን ረሃብ መርጦ ያስረሳል እንዴ? አንዷን ሒሳብ፣ አንዷን ግጥም?

ለመምህሬ በድምፅ ጻፍኩላት፣ ማለቴ ቀድቼ ላክሁላት። ኔትወርክ የሚገኘው ከውኃ ታንከሩ ሥር ብቻ ስለነበር እዚያ ቆሜ ነው የምልከው፤ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ለራሴ የማወራ እየመሰላቸው ያዩኛል። መልሷ ዘግይቶ መጣ። «ያ ቢቲ፣ እያንዳንዷ የምታውቀውን ለሌሎቹ ታስተምር። የሚያስተምር ልጅ ከሁሉ ይበልጥ ይይዛል። ውጤቱን ንገሪኝ።»

ርዕሰ መምህሩም በሌላ በኩል ይጠብቀኛል። ጎንደር ውስጥ ለብዙ ዘመን ያስተማረ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነው። «አንቺ ልጅ» አለኝ አንድ ቀን፣ «ትምህርት ሊዘጋ ሲል እኔ ራሴ አንድ በአንድ እፈትናቸዋለሁ። ወረቀት የለም፣ በቃል ነው። ከአራቱ ትምህርት ሦስቱን የመለሰ ወደ አምስተኛ ያልፋል። አፋቸውን በጅምላ ሲከፍቱ አላምናቸውም።»

«እኔም አላምናቸውም፣ ጋሼ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

አራቱን ከትምህርት በኋላ አስቀረኋቸው። ረጅሟ ግጥሙን አስተማረች፤ እጇን እያወዛወዘች እንደ ሽማግሌ ነበር የምትናገረው። ሌሎቹም የየራሳቸውን። የቀጭኗ ልጅ ተራ ሲደርስ አፏን ገጠመች።

«ያንቺ ተራ ነው» አልኳት።

«ሒሳቡን አላስተምርም፣ ቲቸር።»

«ለምን?»

«ይደክማቸዋል።»

«ማን ነው የሚደክመው!» አለች ረጅሟ። «አንቺ ነሽ የሰሰትሽ።»

«ቋጣሪ!» አለች ትንሿ፣ እየሳቀች።

ቀጭኗ ልጅ ተነሳች፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሄደች። ሦስቱ ሳቃቸውን አቆሙ።

በማግሥቱ ከሰዓት ወደሚኖሩበት የመጠለያ ሰልፍ ሄድኩ። አራት መጠለያዎች በራቸውን ወደ መሐል አድርገው ይተያያሉ፤ መሐሉ ላይ ሦስት ጉልቻ፣ በጉልቻው ላይ አንድ ትልቅ ድስት። የረጅሟ ልጅ እናት አሲዳ ታገነፋለች። ማማሰያውን በሁለት እጇ ይዛ ሰውነቷ ሁሉ አብሮ ይዞራል።

«ነይ ግቢ፣ ቤታችን ያው ይሄ ጥላው ነው» አለችኝ። «ልጄ ‹ሲስቁ የምትደነግጥ ቲቸር መጣችልን› ብላኛለች። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ቀጭን ነሽ። ገዳሪፍም እንዲህ ነው?»

ዱቄቱ ሲወፍር ሲቀጥን እያየሁ ስለ ልጆቹ ጠየቅኋት። መልሷን ከድስቱ ጀመረች። እንጨት ፍለጋ ከመጠለያው ወጥቶ መመለስ ያስፈራል፣ ከሰል ደግሞ ዋጋው እሳት ነው። ለየብቻ አራት እሳት ከማንደድ ብለው አራቱ ቤቶች ድስት ገጥመዋል። አንዷ ዱቄት ታመጣለች፣ አንዷ እንጨት፣ አንዷ ጨውና የደረቀ ባሚያ። በቀን አንዴ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ አንድ ላይ ይበላሉ።

«አራተኛዋስ?» አልኳት።

ወደ አንዱ መጠለያ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። የቀጭኗ ልጅ ቤት ነው፤ ልጅቱ ከአክስቷ ጋር ነው የምትኖረው።

«አክስትየዋ ከድንበሩ ከገላባት ዘግይታ ነው የመጣች፤ ራሽን ገና አልወጣላትም። ምን ታምጣ? ልጅቱ ግን ሒሳብ ትይዝላቸዋለች። ባዶ እጇን አይደለም የምትቀመጥ።»

«ትይዝላቸዋለች ማለት?»

«እንዲህ ነው የሚማሩት፣ አታውቂም እንዴ? አንዷ ግጥሙን፣ አንዷ ተክሉን፣ አንዷ ፈረንጅኛውን። በዚህ ሆድ ሁሉንም ባንድ ራስ ቢሸከሙት ይዞራቸዋል። እኛ ድስት ስንገጥም እነሱም ገጠሙ።» ማማሰያውን ጠርዙ ላይ መታችው። «አክስትየዋ ኩሩ ናት። መጀመሪያ ስንጠራት ‹ጠገብን› ብላ በሯን ዘጋች። ከየት ጠገበች? ያን ጊዜ ልጄ ናት በሩ ላይ ቆማ ‹እትዬ፣ ልጅሽ ሒሳብ ካልያዘችልኝ እወድቃለሁ› ያለቻት። በዚህ ነው የወጣች።»

«ሦስቱ ሒሳቡን ራሳቸው ቢችሉትስ?»

ማገንፋቷን አቆመች። «እኔማ ምን ገዶኝ፣ እሰጣታለሁ። እሷ ግን አትቀመጥም። አሁንም ቢሆን ልጅቱን ይዤ ለሰሊጥ አረም ወደ ቁረይሻ እርሻ እሄዳለሁ ትላለች። ያ ቀጭን ልጅ አረም ይችላል?»

ብዪ ስትለኝ ጠግቤያለሁ አልኩና ወጣሁ፤ ጥቂት ከራቅሁ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የታወቀኝ።

ልጅቱን ከውኃው ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስታየኝ ተነሳች።

«ቲቸር፣ አስተምሪ ካልሽኝ አስተምራለሁ» አለች ሳልጠይቃት። «ግን እነሱ ከቻሉት እኔ ምን ልያዝ?»

«እውቀት እኮ ሲሰጡት አያልቅም» አልኳት።

«ዱቄትስ?»

እየቀለደችብኝ አልነበረም። መልሱን ከእኔ ትጠብቅ ነበር። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ጀሪካኗን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደፊት ሄደች።

ከታንከሩ ሥር ቆሜ ለመምህሬ መቅዳት ጀመርኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጀመርኩ። ኮርሳችን ላይ ያለው ሥዕል ከጎን የተቆረጠ አንድ ጭንቅላት ነው። እኔ ያየሁት ግን ለአራት ሰው የሚሆን አንድ ነገር ነው፤ የት ቦታ እንደምሥለው አላውቅም። በመጨረሻ እንደመጣልኝ ላክሁት። መልሷ እንዲህ አለ፦ «ያ ቢቲ፣ የምግቡን ነገር ለሚመለከታቸው ንገሪ። አንቺ አስተምሪ። ነገ ሕይወት ለብቻ ነው የምትፈትናቸው።» ጥቂት ቆይቶ ሌላ አጭር ድምፅ ተከተለ። «እንደገና ሰማሁት። አላውቅም፣ ልጄ።»

የምግቡን ነገር ለሚመለከታቸው ነግሬያለሁ። ተራ ይጠበቅ አሉኝ።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ አራቱን አንድ ላይ ቢፈትኗቸውስ?» አልኩት። ነገሩንም አስረዳሁት፤ ስለ አክስትየዋ ግን አላነሳሁም፣ ኩራቷን የምነካ መሰለኝ።

«አምስተኛ ክፍልም በአንድ እግር ነው የሚገቡት?» አለኝ።

«አይደለም ጋሼ፣ ግን…»

«ስሚ። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው። ነገ ያቺን ግጥም የያዘችውን እናቷ ወደ መተማ ይዛት ብትሄድ፣ የቀሩት ያለ ግጥም ሊቀሩ ነው? ሰው ሲሄድ ጭንቅላትሽን ይዞት እንዳይሄድ ነው ትምህርት።»

ይህም እውነት መሰለኝ። በዚያ ሰሞን የሚናገረኝ ሰው ሁሉ ያሳምነኝ ነበር። ከእናትየዋ ዘንድ ስወጣ እሷ ልክ ናት፣ መምህሬን ስሰማ መምህሬ ልክ ናት፣ ከርዕሰ መምህሩ ፊት ስቆም ደግሞ እሱ። የራሴ የምለው ሐሳብ የት እንዳለ ብፈልገው የለም። ቢሆንም መወሰን ነበረብኝ፤ እንደተነገረኝ ለመሥራት ወሰንኩ። ልጅቱን «አስተምሪያቸው» አልኳት።

እሺ አለች። እሺ ማለቷ ነው የከበደኝ።

መሬት መሬት እያየች አስተማረቻቸው። ለካ ጥሩ አስተማሪ ናት። ትጠይቅና ዝም ትላለች፤ መልሱን አታቀብልም። ትንሿ ጣቷን እያጠፈች ስትጨነቅ እሷ ትጠብቃለች፣ እስክታወጣው። ኮርሱ ላይ «ታገሺ፣ ያውጣው» ተብሎ የተጻፈውን ማንም ሳይነግራት ታደርገዋለች። በጥቂት ቀን ውስጥ ሦስቱም ማባዛቱን አወቁት። ለየብቻ፣ ጀርባቸውን አዙሬ አስቁሜ ሰማኋቸው። አንዳቸውም አልተሳሳቱም። እስካሁን ካስተማርኩት ሁሉ የሰመረው ይህ ነበር።

በማግሥቱ ረጅሟ ጠዋት መጥታ፣ «ቲቸር፣ ትናንት አብረን አልበላንም» አለችኝ።

«ለምን?»

«እትዬ ‹ጠገብን› አለች። በሩን ዘጋች። እሷም እንዳትወጣ ከለከለቻት።»

«እትዬ» ያለችው የቀጭኗን ልጅ አክስት ነው። ቀጭኗ ልጅ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከንፈሯን አየሁት፤ ነጭ ነበር። ወደ ቁረይሻ የሚሄደው ሎሪ በገበያ ቀን ጠዋት እንደሚነሳ አክስቷ ስትጠይቅ እንደሰሙም ነገሩኝ። ፈተናው ደግሞ የገበያው ዋዜማ ነበር። መሄዳቸውን ላስቀር አሰብኩ፤ በምን እንደማስቀረው ግን አላወቅሁም። ያወቁትን እንዲረሱ የሚያደርግ ትምህርት አልተማርኩም።

በፈተናው ቀን ርዕሰ መምህሩ በቢሮው በራፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። እኔ ከጎኑ ቆምኩ። ረጅሟ ቀድማ መጣች። ግጥሙን ከነዜማው አወረደችው፣ ተክሉን ዘረዘረች፣ እንግሊዝኛውን ሳትደናቀፍ መለሰች። ርዕሰ መምህሩ ቅንድቡን አነሳ፤ ወደ እኔም አየት አደረገኝ። ከዚያ ማባዛት ጠየቃት።

ልጅቱ ሸራውን አየች። «አላውቅም» አለች።

«ቀላሉን ልስጥሽ። ስድስት ጊዜ ስድስት?»

«አልያዝኩም፣ ጋሼ።»

ተክል የያዘችው መጣች። ሦስቱን መለሰች፤ ማባዛቱ ላይ ዝም አለች። ትንሿ መጣች። ሦስቱን መለሰች፤ ማባዛቱ ላይ ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ቆመች። «ሁለት ጊዜ ሁለት?» ቢላት እንኳ ራሷን ነቀነቀች። ቀጭኗ ልጅ በመጨረሻ ቀረበች። ሁሉንም መለሰች፤ ማባዛቱን እሱ ጠይቆ ሳይጨርስ ታወርደው ነበር።

«አራቱም አልፈዋል» አለኝ ርዕሰ መምህሩ ከሄዱ በኋላ። «ሦስት ከአራት፣ ሕጉ ሕግ ነው። ግን አንቺ ልጅ፣ ይሄ የአእምሮ ትምህርትሽ ማባዛት ላይ አይሠራም እንዴ? ትንሿ ሁለት ጊዜ ሁለት አጣች እኮ!»

ከሁለት ቀን በፊት ሦስቱንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን ብናገር ዘዴው ይመሰገናል፤ እኔም አብሬ። አፌን ከፈትኩ።

«አይሠራም መሰለኝ፣ ጋሼ» አልኩ።

«ለመምህርሽ ንገሪያት እንግዲህ» አለና ወንበሩን አስገባ።

ፀሐይ ስትበርድ ወደ ሰልፋቸው ሄድኩ። በመንገድ ላይ ረጅሟን አገኘኋት፤ ከወንዝ የተመለሰች ትመስላለች፣ ፊቷ እርጥብ ነው።

«ረሳሽው እንዴ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ማባዛቱን።»

«ረሳሁት፣ ቲቸር» አለችና ሳቀች። ሳቋ ውስጥ ተንኮል ይኑር አይኑር አላስታወቀኝም። «ጋሼ ዓይኑን ሲያፈጥ ሁሉ ነገር ይጠፋኛል።»

«ለሦስታችሁም ጠፋባችሁ?»

«ለሦስታችንም። እንግዲህ ምን ይደረግ? የሚይዝልን ሰው ያስፈልገናል።» ይህን ብላ ጥላኝ ሮጠች።

ተማክረው ይሁን፣ ወይስ እውነትም ከድንጋጤው፣ እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። ፍርሃት ያወቁትን እንደሚዘጋ ኮርሱ ላይ አለ፤ ሦስቱም ግን ግጥሙን ያለ ፍርሃት ተናግረውታል። ለመምህሬም የነገርኳት ይህንኑ ነው፣ በሦስቱ ትምህርት ዘዴው ሠራ፣ በአንዱ አልሠራም፣ ምክንያቱን መናገር አልቻልኩም። መናገር አልቻልኩም ማለት አላውቅም ማለት ይሁን አይሁን እሷ አልጠየቀችኝም።

ስደርስ ድስቱ ወርዶ ነበር። የረጅሟ እናት ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጮሃለች።

«ኧረ ጉድ! ሦስቱም ሒሳብ ወደቁ አሉኝ! አምስተኛ ክፍል ገብተው ምን ሊሆኑ ነው? ያቺ ልጅ ቁረይሻ ከሄደችማ አለቀልን፣ እነዚህን ደነዞች ማን ሊይዝላቸው!»

«እማ፣ ደነዝ አትበይን!»

«ዝም በይ፣ ደነዝ!»

የመጠለያው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። አክስትየዋን ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት፤ ረጅም፣ አጥንቷ የወጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ የለበሰች ሴት። ልጅቱ ከኋላዋ ቆማለች።

«ሦስቱም?» አለች።

«ሦስቱም! ይቺን ቲቸር ጠይቂያት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አዎ፣ እትዬ» አልኩ። «ሒሳቡን የመለሰችው እሷ ብቻ ናት።»

አክስትየዋ ሦስቱን ልጆች አንድ በአንድ አየቻቸው። ትንሿ ጭንቅላቷን በረጅሟ ልጅ ቀሚስ ውስጥ ደበቀች። አክስትየዋ የገባት ነገር ይኑር አይኑር ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም። ከዚያ «አይዟችሁ» አለቻቸው። «ትይዝላችኋለች።»

እጇን ታጥባ ተቀመጠች፤ ልጅቱም አጠገቧ። የመጀመሪያውን ጉርሻ በጣም ቀስ ብላ ነው የበላችው፣ እንደማትፈልግ ሰው። የረጅሟ እናት ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሸራው ቀዳዳ፣ ማንም ወደ አክስትየዋ እንዳያይ። እኔም ድስቱን አየሁ፣ ጉልቻውን አየሁ። አክስትየዋ እጇን እንደገና ወደ ሳህኑ ሰደደች።